ሰልፍ ክሊን ላይ ከልክ በላይ የሚግለው ኦቨኔ፣ ከ2 ዓመት በኋላ

ይሄን ኦቨን ከገዛሁት 2 ዓመት አልፎኛል። ካቢኔት ውስጥ የሚገጠም፣ በኤሌክትሪክ የሚሰራ፣ ራሱን በሙቀት የሚያፀዳ ማለትም ሰልፍ ክሊን ያለው ዓይነት ነው። መጋገሩ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ ቶሎ ይሞቃል፣ ከላይም ከታችም እኩል ያበስላል፣ የበሩ መስታወት ድርብርብ ስለሆነ እጄን አቃጥሎኝ አያውቅም። በዛ በኩል ከ5 5 እሰጠዋለሁ። ለሰልፍ ክሊኑ ግን 2 ነው የምሰጠው፣ ምክንያቱን ደግሞ ረዘም አድርጌ ነው የምነግራችሁ ምክንያቱም እኔን የገጠመኝ ነገር ቤት ሊያቃጥል የሚችል ነገር ነው።

መጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት በጣም አሪፍ ነበር። ማታ አበራሁት፣ ጠዋት በሩን ስከፍት ያ ሁሉ የተጋገረ ቅባት ግራጫ አመድ ሆኗል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አደረግኩት አለቀ። (አሁን ማታ አብርቼ መተኛቴ ራሱ ይዘገንነኛል፣ ማንም እንዳያደርገው።) ሶስተኛው ላይ ግን ጉድ መጣ። በሩ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ፣ መሞቅ ጀመረ፣ 50 ደቂቃ ገደማ እንደሄደ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚመስል ሽታ መጣ። የቅባቱን ሽታ ለምጄዋለሁ፣ ይሄ ሌላ ነው። ቁልፎቹ ያሉበትን ፓኔል በእጄ ጀርባ ነካ ሳደርገው አስፈንጥሮ መለሰኝ። ዲስፕሌዩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ደብዝዘው ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ከዛ ኤፍ ብሎ የሚጀምር ኤረር ኮድ አወጣና መጮህ ጀመረ። ያኔ ነው ያስተዋልኩት፣ ሁሌ ሲሰራ በበሩና በፓኔሉ መሃል እፍፍፍ የሚል የአየር ድምፅ ነበረው፣ ድምፁ የለም።

ነገሩ ለምን አደገኛ እንደሆነ እንዲገባችሁ፣ ተራ መጋገር ላይ ኦቨን ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ቢደርስ ነው። ሰልፍ ክሊን ላይ ግን ከ430 እስከ 480 ይወጣል፣ አንዳንዱ 500ም ይደርሳል፣ እዛ ላይ ደግሞ 2፣ 3 አንዳንዴም 4 ሰዓት ይቆያል። ሀሳቡ አዲስ አይደለም፣ ጀነራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው ለገበያ ያወጣው፣ እና በትክክል ሲሰራ ጥሩ ነገር ነው። ግን አስቡት፣ 480 ዲግሪ ካለበት ሳጥን በላይ ጥቂት ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ተቀምጧል። ቦርዱን ከመቅለጥ የሚያድነው በመሃል ያለው መከላከያ ጥጥና ቀዝቃዛ አየር የሚነፋው ፋን ብቻ ነው። ፋኑ ከቆመ ሁሉም ነገር ወደላይ ይግላል።

እንዲህ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የምታደርጉት ነገር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደንግጦ ወዲያው ብሬከር ያወርዳል። ብሬከር ስታወርዱ ፋኑንም አብራችሁ ነው የምታጠፉት፣ የታመቀው ሙቀት መውጫ ያጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ኦፍ በሉትና በመስታወቱ እዩ፣ የማሞቂያው ቅላት እየደበዘዘ ከሄደና ፋኑ እየነፋ ከሆነ ይንፋ፣ ተዉት። ኦፍ ተብሎም መጋሉን ከቀጠለ ግን ቦርዱ ላይ ያለው ሪሌ፣ ማለትም ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ ተጣብቋል ማለት ነው፣ ያኔ ብሬከሩን ማውረድ ነው ያለ ምንም ማመንታት። ጭስ ወይ እሳት ከፓኔሉ ካያችሁም እንደዛው፣ ብሬከር አውርዱና ለእሳት አደጋ ደውሉ። በሩን ግን በጉልበት እንዳትከፍቱት። ቁልፉ ሙቀቱ እስኪወርድ አይለቅም፣ ለዚህ ነው የተሰራው፣ በዛ ሙቀት አየር በድንገት ሲገባ ውስጥ ያለው ቅባት ሊነድ ይችላል። የኔው ኦፍ ስለው ቅላቱ ቀድሞ መደብዘዝ ጀምሮ ነበር፣ መስኮት ከፋፍቼ ጠበቅኩ፣ በሩ የተለቀቀው ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። የሻጩ ሰርቪስ ቴክኒሻን ላከልኝ፣ መጣ፣ ኮዱን አየ፣ "ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር" አለ። የቦርዱ ዋጋ የኦቨኑን ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። አንድ ቪት አልፈታም፣ ቴስተር ከቦርሳው አላወጣም። ቦርዱን ቀይሬው ቢሆን አዲሱም በሚቀጥለው ሰልፍ ክሊን ይቃጠል ነበር፣ ምክንያቱም ችግሩ ቦርዱ አልነበረም!

ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ወንድሜን ይዤ ራሳችን ጀመርነው። ብሬከሩን አውርደን፣ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ መጀመሪያ ሙቀቱን የሚለካውን ሴንሰር አየን። ከኋላ ላይኛው ጥግ በኩል እንደ እርሳስ ቀጠን ያለ ዘንግ ነው፣ በሁለት ቪት ይታሰራል። ብዙ ኦቨን ላይ ያለው 0 ዲግሪ ላይ 1000 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)፣ ክፍል ውስጥ በ20 ዲግሪ ደግሞ 1080 ኦም አካባቢ የሚያነበው ዓይነት ነው፣ 450 ዲግሪ ላይ ወደ 2640 ይወጣል። የኛ 1084 አነበበ፣ ጤነኛ ነው። እዚህ ጋ ሰዎች የሚያምታቱት ነገር አለ፣ ኮኔክተሩ ዝጎ ወይም ላልቶ ከሆነ ኦሙ ከፍ ይላል፣ ኦቨኑም ከልክ በላይ የሞቀ ይመስለውና ቶሎ ያቆማል። ከልክ በላይ የሚያግለው የተገላቢጦሽ ነው፣ ሴንሰሩ ዝቅ አድርጎ ሲያነብ ኦቨኑ ገና አልሞቅኩም ብሎ ይቀጥላል። ስለዚህ ኦሙ ከሚገባው በታች ሆኖ ካገኛችሁት እሱን ጠርጥሩ።

የበሩን ዙሪያ የፋይበር ጠለፋም አየነው፣ ደህና ነው። (እሱን በሳሙና እንዳትፈትጉት፣ ይበላሻል፣ ሙቀት በሱ ካመለጠ ቀጥታ ፓኔሉ ላይ ነው የሚወጣው።)

ከዛ ኦቨኑን ለሁለት ተሸክመን ከካቢኔቱ አወጣነው፣ ከባድ ነው፣ ብቻችሁን እንዳትሞክሩት። የላይኛውን ቆርቆሮ ስናነሳ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየ። ፋኑ እንደ ትንሽ ከበሮ ክብ ነው፣ ክንፎቹ ቀጫጭን ናቸው፣ በክንፎቹ መሃል አቧራና ቅባት ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ሆኗል። በጣቴ ላዞረው ሞከርኩ፣ ንቅንቅ አላለም። ዞር ስል የካቢኔቱ ጀርባ ድፍን ጣውላ ነው። ማኑዋሉ የአየር ክፍተት ይተው ይላል፣ የገጠመው ሰው ግን ድፍን አድርጎ ዘግቶታል፣ ኦቨኑ 2 ዓመት ሙሉ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ሲስብ ነው የኖረው።

ከፋኑ አጠገብ ሳንቲም የምታክል፣ ሁለት ሽቦ የገባባት ነገር አለች፣ ቴርማል ፊውዝ የሚሏት። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን የምትቆርጠው እሷ ናት። ቴስተር ስናደርግባት ተቆርጣለች። ለካ እኔ ኦፍ ብዬ ያቆምኩት መስሎኝ እንጂ ቀድማ ያቆመችው እሷ ነች፣ ቅላቱም ለዛ ነው ቀድሞ የደበዘዘው። አንዳንዶቹ ላይ ተጭናችሁ የምትመልሷት ትንሽ ቁልፍ አላት፣ የኔዋ ግን አንዴ ከተቆረጠች መቀየር ብቻ ነው። እባካችሁ፣ ሽቦውን ገናኝቶ እሷን መዝለል የሚባል ነገር አለ፣ "ለጊዜው ይስራ" እያሉ የሚያደርጉትን ሰምቻለሁ፣ በጭራሽ አታድርጉት። ስትቀይሯትም ላይዋ የተፃፈው ዲግሪ አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ።

ፋንና ፊውዝ ቀየርን፣ ጣውላውን ቆርጠን አየር መውጫ አበጀንለት፣ ቦርዱን አልነካነውም፣ እስካሁን እየሰራ ነው። ከዛ በኋላ አንዴ ሰልፍ ክሊን አድርጌበታለሁ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ፓኔሉ ለብ ከማለት አላለፈም።

ታዲያ ለምን 2 ብቻ? ክፍተቱን የዘጋው የገጠመው ሰው ነው፣ ያንን ለኦቨኑ አልሰጠውም። ግን አምራቹ ፋኑ መዞሩን ሳያረጋግጥ 480 ዲግሪ እንዲጀምር የሚፈቅድ ማሽን መስራቱን ልቀበለው አልችልም። የፋኑን ፍጥነት እያነበቡ ካልዞረ የማይጀምሩ ኦቨኖች አሉ፣ ይቻላል ማለት ነው። ፊውዟን ለማየትም ሙሉ ኦቨኑን ማውጣት ነበረብን፣ ማኑዋሉ ስለሷ አንድ መስመር አልፃፈም፣ ኮዱ ሲመጣ "ሰርቪስ ይጥሩ" ብቻ። የምትገዙ ካላችሁ እነዚህን ሁለቱን ጠይቁ፣ ፋኑ ቢቆም ምን ያደርጋል፣ ፊውዟስ በየት በኩል ትገኛለች።

አሁን ለቀላል ቆሻሻ በእንፋሎት የሚያፀዳውን ፕሮግራም ነው የምጠቀመው፣ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ የተጋገረውን ግን አያነሳም። ሰልፍ ክሊን የግድ ሲሆን ሽቦ መደርደሪያዎቹን አወጣለሁ ምክንያቱም ቀለማቸው ይጠፋል፣ ፎይል ካለ አነሳለሁ፣ የፈሰሰውን ወፍራም ቅባት በእጄ እጠርጋለሁ፣ አጭሩን ሰዓት እመርጣለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ። ወፍ የምታሳድጉ ደግሞ ከቤት አውጧት፣ ጭሱ ለወፍ በጣም መጥፎ ነው፣ በተለይ የማይጣበቅ ሽፋን ያለው መጥበሻ ውስጥ ከተረሳ ይገድላታል።

ከመጀመሬ በፊት ግን ሁሌ ኦቨኑን 200 ላይ 10 ደቂቃ አሞቀውና ቀጠን ያለ ወረቀት በበሩና በፓኔሉ መሃል ባለው ክፍተት ፊት እይዛለሁ። ወረቀቱ ከተርገበገበ ሰልፍ ክሊኑን እጫናለሁ። ካልተርገበገበ አጥፍቼ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ፣ በእጄ አፀዳዋለሁ።