የገንዘብ ጠባይ የሚለየው አፕ፦ ለወጪ አሪፍ ነው፣ ለኢንቨስትመንት ግን አትስሙት

እኔና ባለቤቴ የገንዘብ ጠባይ የሚመዝን አፕ በክፍያ ወስደን ስንጠቀም ከርመናል። ስም አልጠራም፤ የዚህ ዓይነት አፖች አሠራራቸው ስለሚቀራረብ የምለው ለብዙዎቹ ይሆናል። ጥያቄ ይጠይቃችኋል፣ ከዚያ "ወጪ ወዳድ"፣ "ቆጣቢ"፣ "ደፋር" ወይም "ገንዘብ ሸሽ" ብሎ ይመድባችኋል፣ በምድባችሁ መሠረትም የወር እቅድ ያወጣላችኋል።

ጥሩውን ላስቀድም። ጥያቄዎቹ በጣም ደስ ይላሉ። ስንት ታገኛላችሁ፣ ስንት ታስቀምጣላችሁ እያሉ አይነዘንዙም። የሚጠይቁት ስሜትን ነው። አንዱ ለምሳሌ እንዲህ ይላል፦ የሚያስፈልጋችሁን ጫማ አገኛችሁ፣ ልክክ ብሏል፣ ገንዘቡም አላችሁ፤ ልትከፍሉ ስትሉ ምን ይሰማችኋል? ከሥሩ "ምንም"፣ "ትንሽ ቅር ይለኛል"፣ "ሆዴን ይቆርጠኛል"፣ "ትቼው እወጣለሁ" የሚሉ ምርጫዎች አሉ። እኔ "ምንም" አልኩ። ባለቤቴ ለአፍታ እንኳ ሳታስብ የመጨረሻውን ነካች። ስልኩን አስቀምጠን ረጅም ወሬ አወራን፤ ለዚያ ወሬ ብቻ እንኳ ክፍያው አይቆጨኝም።

እዚህ ጋ ግን አፑ ትልቅ ነገር ይስታል። ለባለቤቴ "ቆጣቢ ነሽ፣ በርቺ" አላትና ቁጠባዋን ይበልጥ የሚጨምር እቅድ ላከላት። እሷ'ኮ ገንዘቡ እያላት የጥርስ ሕክምናዋን የምታዘገይ ሰው ናት! ማስቀመጥ ስለሚያስደስታት አይደለም፣ መክፈል ስለሚያማት ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ስኮት ሪክ፣ ሲንቲያ ክራይደርና ጆርጅ ሎዌንስታይን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት፣ ከ13,000 በላይ ሰዎች በተጠየቁበት ጥናት ይህንኑ ለይተው አሳይተዋል። ቆጣቢ ሰው ማስቀመጡ ራሱ ደስ ይለዋል። ቋጣሪው ግን ከእጁ ሲወጣ ስለሚያመው ራሱ ማውጣት ከሚፈልገው በታች ያወጣል፤ ገንዘብ እጁ ላይ የማይበረክትለት ደግሞ ሕመሙ እምብዛም ስለማይሰማው ከሚፈልገው በላይ ያወጣል። እኔን የገረመኝ በዚያ ጥናት ቋጣሪዎቹ ከአባካኞቹ በቁጥር መብለጣቸው ነው። ታዲያ አፑ ቆጣቢና ቋጣሪን አንድ ላይ ሲያጉር፣ ማውጣት መልመድ ያለበትን ሰው "ጨምር፣ አስቀምጥ" እያለው ነው። አዘጋጆቹ ይህን ምድብ ለሁለት ቢከፍሉት የብዙ ሰው ኑሮ ይቀላል።

ለእኔ ቢጤው የጠቀመው የወጪ መመዝገቢያው ነው። በካርድ የከፈላችሁትን እያንዳንዱን ነገር በእጃችሁ እንድትጽፉ ያደርጋል። መጀመሪያ ያሰለቻል፣ እውነቴን ነው። ነገር ግን የሚሠራው በዚያ ምክንያት ነው። ካርድ ሲነካ ገንዘቡ ሲሄድ አይታይም። ድራዜን ፕሬሌክና ደንከን ሲሜስተር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሙከራ ለስፖርት ጨዋታ ትኬት ሰዎችን አጫርተው ነበር፤ በካርድ ትከፍላላችሁ የተባሉት በጥሬ ገንዘብ ከሚከፍሉት እጥፍ ያህል ዋጋ ነበር ያቀረቡት። ቁጥሩን በጣት መጻፍ ያንን የጠፋ ስሜት መልሶ ያመጣዋል። ለባለቤቴ ግን ይህ መዝገብ ጭንቀት ስለጨመረባት ዘጋችው፣ ልክም ነበረች።

ሌላው የወደድኩት ደመወዝ በጨመረ ቁጥር ከጭማሪው ላይ የተወሰነውን በራሱ ወደ ቁጠባ የሚያዛውረው ነው። ሐሳቡ የሪቻርድ ቴለርና የሽሎሞ ቤናርትዚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት በዚህ መንገድ የገቡ ሠራተኞች ቁጠባ በ40 ወራት ውስጥ ከደመወዛቸው 3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ ወጥቷል። ሰው እጁ ያልገባ ገንዘብ ሲቀነስበት ብዙም አይቆጨውም። ይህ ክፍል ደግሞ ወጪ ወዳድ ሁኑ ቆጣቢ፣ ጠባያችሁን ጨርሶ አይጠይቅም። በአፑ ውስጥ ካሉት ሁሉ የተሻለውም እሱ ነው ባይ ነኝ።

ወደ ኢንቨስትመንቱ ስንመጣ ነገሩ ይበላሻል። እኔን "ደፋር" አለኝ። ከዚያ በኋላ በየጊዜው "አሁን ሽጥ፣ ይህን ግዛ" የሚል መልእክት ይጎርፍ ጀመር። ይህ አደገኛ ምክር ነው። ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን ከ1991 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. የ66,465 ቤተሰቦችን የአክሲዮን ሒሳብ አይተው ነበር። ገበያው በዓመት 17.9 በመቶ ሲያተርፍ፣ አብዝተው የሚገዙና የሚሸጡት ያገኙት 11.4 በመቶ ነው። ቀሪውን በየግብይቱ የሚከፈለው ወጪ በላው። ደግሞስ ሶፋ ላይ ተቀምጦ "ኪሳራ አልፈራም" ማለትና ሒሳቡ ቀይ ሆኖ ሲያዩት እንቅልፍ መተኛት አንድ ነው? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳሳዩት የማጣት ሕመም ከማግኘት ደስታ ይከብዳል። ገንዘቡ መቼ ያስፈልጋችኋል? ወለድ የሚከፈልበት ብድር አለባችሁ? ለክፉ ቀን የተቀመጠ አለ? አፑ ሦስቱንም አልጠየቀኝም። ይህን ሳያውቅ "ደፋር ነህና ግዛ" ማለት ተገቢ አይደለም፣ ሰው ያከስራል።

አንድ ኪስ የሚጋሩ ባልና ሚስት ይውሰዱት እላለሁ። ለየብቻ መልሱ፣ ከዚያ አፑ ስም ሳያወጣላችሁ በፊት መልሳችሁን አንድ ላይ አንብቡት። የዓመቱን አትክፈሉ፣ ለጥያቄዎቹና ለመመዝገቢያው የወሩ ይበቃል። የኢንቨስትመንት መልእክቱን ከማስተካከያው ገብታችሁ አጥፉት። የባንክ ሒሳባችሁን አገናኙ ሲላችሁም እለፉት፤ ደመወዝ ሲጨምር የሚያዛውረው ነገር ይቀርባችኋል፣ እሱን ግን ባንካችሁ ራሱ በቋሚ ትእዛዝ ሊሠራላችሁ ይችላል።