ለወገብና ለአንገት ሕመምተኞቻችን ለደረሱት ኦስቲዮፓት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

በሰሜን ለንደን ለሚሠሩ አንዲት ኦስቲዮፓት (ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእጅ የሚያክሙ ባለሙያ) ከልብ የመነጨ ምስጋናችን ይድረሳቸው። ወገባቸው የተያዘ ሾፌሮችን፣ አረጋውያንን ሲያነሱና ሲያስተኙ የሚውሉ እህቶቻችንን፣ ሌሊት ቢሮ የሚያጸዱ ወገኖቻችንን በትዕግሥት ሲያክሙልን ቆይተዋል። በነርስነትና በፊዚዮቴራፒ የምንሠራ ነንና አሠራራቸውን ጠንቅቀን አይተን ነው የምንጠቁማችሁ። ስማቸውን በአደባባይ አንጽፍም፤ አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወጌሻ ናቸው እንዴ?» ብሎ ነው። አይደሉም። ወጌሻ ስብራት ያስራል፣ ወለምታ ያሻል፤ ኦስቲዮፓት ግን የተሰበረ አጥንት ላይ እጁን አያሳርፍም። ሙያውን የጀመሩት አንድሪው ቴይለር ስቲል የተባሉ አሜሪካዊ ናቸው፤ ሐሳባቸውን እ.ኤ.አ. በ1874 ይፋ አድርገው በ1892 በሚዙሪ ግዛት ከርክስቪል ከተማ ትምህርት ቤት ከፈቱ። መነሻው፣ የሰውነት ክፍሎች የተያያዙ ስለሆኑ የአንዱ አለመንቀሳቀስ ሌላውን ያደክማል የሚል ነው። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችሁ «የእኛ ኦስቲዮፓት መድኃኒት ያዝዛል፣ ቀዶ ሕክምናም ይሠራል» ቢሏችሁ እውነታቸውን ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ሐኪም ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን ሐኪም አይደለም፣ መድኃኒትም አያዝዝም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ሕግ መሠረት ሙያውን በሚቆጣጠረው በጄኔራል ኦስቲዮፓቲክ ካውንስል መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው ራሱን ኦስቲዮፓት ብሎ መጥራት አይችልም። መዝገቡን ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ማየት ስለሚችል፣ የትም ብትሄዱ አስቀድማችሁ ስሙን ፈልጉ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ የሚበዛውን ደቂቃ የሚወስደው ጥያቄ ነው። ሕመሙ መቼ ጀመረ? ሲያስነጥሱ ይብሳል? ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል? ክብደት ቀንሰዋል? ማታ ማታ ያልብዎታል? የመጨረሻዎቹን ሦስቱን በተለይ ከአገር ቤት ለመጣ ሰው ሳይጠይቁ አያልፉም፤ ቲቢ ሳንባን ብቻ ሳይሆን አከርካሪንም ይይዛል፣ ሲጀምርም «ብርድ መታኝ» የሚባለውን ተራ የወገብ ሕመም ይመስላል። እንዲህ ዓይነት ጥርጣሬ ካደረባቸው ጀርባውን ሳይነኩ ደብዳቤ ጽፈው ወደ ሐኪም ይልካሉ። ከሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው ለዚህ ነው።

ወደ ምርመራው ሲገቡ በሽተኛውን በጀርባው አስተኝተው፣ ጉልበቱ ሳይታጠፍ እግሩን ቀስ አድርገው ያነሣሉ። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መካከል ከጉልበት በታች የሚወርድ ሕመም ከተነሣ የነርቭ ሥር ተነክቷል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ቋንጃ ላይ ብቻ ከወጠረ ግን ብዙውን ጊዜ ጡንቻ ነው። «የእግርዎን አውራ ጣት ወደ ላይ ይሳቡ፣ እንዳይለቁ» ብለው በጣታቸው ወደ ታች ይገፋሉ፤ ጣቱ ከደከመ አምስተኛውን የወገብ ነርቭ ይጠረጥራሉ። ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት በመዶሻ መታ አድርገው እግሩ ካልነጠረ ደግሞ ከዚያ በታች ያለውን ነርቭ ይመረምራሉ።

ሕክምናውን በአንድ ምሳሌ እንይ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚነዳ ሰው ከጭኑ ፊት፣ ከዳሌው በላይ የሚያልፈው ጡንቻ ይኮማተርበታል፤ ቀጥ ብሎ ሲቆምም ወገቡን ይጎትተዋል። ባለሙያዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ያስተኙትና አንዱን ጉልበት ወደ ደረቱ እንዲያቅፍ፣ ሌላኛው እግር ወደ ታች እንዲንጠለጠል ያደርጋሉ። እጃቸውን ከጉልበቱ በላይ አሳርፈው «ከኃይልዎ ሩቡን ብቻ ተጠቅመው ወደ ላይ ይግፉኝ» ይላሉ። አምስት ወይም ሰባት ሰከንድ ይቆያል። ትንፋሹን አውጥቶ ሲለቅ እግሩን ጥቂት ዝቅ ያደርጉታል፤ ይህን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይደጋግሙታል። ጡንቻው በዚያች ደቂቃ ስለረዘመ አይደለም፣ ነርቮቹ መወጠሩን መታገሥ ስለሚለምዱ ነው። የተለመደው ስሕተት በሙሉ ኃይል መግፋት ነው፤ ያን ጊዜ ሌላው ጡንቻ ሁሉ አብሮ ይጠነክርና ሥራው ይበላሻል።

«ቋ» የሚለውን ድምፅ የምትወዱ ብዙ ናችሁ። ድምፁ የሚወጣው መገጣጠሚያው በፍጥነት ሲሳብ በውስጡ ባለው ፈሳሽ ግፊቱ ወርዶ የጋዝ ክፍተት ሲፈጠር ነው። ወጥቶ የነበረ አጥንት ቦታው ገባ ማለት አይደለም፤ ድምፅ ሳይሰማም ሕክምናው ይሠራል። በአንገት ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም አንገት በፍጥነት ሲሳብ ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ተሰንጥቆ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ አዲስና ከዚህ በፊት የማታውቁት ዓይነት የአንገት ወይም የራስ ሕመም፣ ማዞር፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ካለባችሁ አንገታችሁን ለማንም አትስጡ።

የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም የሆነው ናይስ እ.ኤ.አ. በ2016 ለወገብ ሕመም በእጅ የሚሰጥ ሕክምና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር ካልሆነ ለብቻው እንዳይሰጥ መክሯል። እሳቸውም ይህን ያከብራሉ፤ ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ ያስተምራሉ፣ በፊታቸው ሳትሠሩ አያሰናብቱም። በሦስት አራት ቀጠሮ ለውጥ ከሌለ «እንቀጥል» አይሉም፣ ለሐኪማችሁ ይጽፋሉ። ገና ሳይመረምር የ12 ቀጠሮ ክፍያ በቅድሚያ ከሚጠይቅ ሰው ዘንድ ግን ብትርቁ ይሻላል። የጭንቅላት አጥንትን በስሱ በመዳሰስ የሚደረገው ሕክምና ማስረጃው ደካማ መሆኑንም በግልጽ ይናገራሉ።

በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት አለመውጣት ወይም ማምለጥ፣ የሁለት እግር መዛል ካጋጠማችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ስትሄዱ ሰፋ ያለ ልብስ ልበሱ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን ከሆነ፣ ያዙ። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ አስተርጓሚ ይዛችሁ ግቡ፣ ይፈቅዳሉ። ከሕክምናው በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሰውነት መቆርጠሙ የተለመደ ነው። ከዚያ ካለፈ ደውሉላቸው፤ ስልኩን ራሳቸው ያነሣሉ።