በኮሮና ወራት የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ከተገኘና በዚያው ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ፣ በአዲስ አበባ ሰፈራችን የሚገኘው የመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ዕቅድ ክፍሉን ሳይዘጋ መቆየቱ በእጅጉ የሚያስመሰግነው ነው። አገልግሎቱም እንደ ወትሮው በነፃ ይሰጥ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያረካኝ የአዋላጅ ነርሷ አቀባበል ነው። የደም ግፊቴን ከለካች በኋላ የሦስት ወሩን መርፌ ከመውጋቷ በፊት፣ በዚያ ወቅት መመላለስ ከባድ መሆኑን አስታውሳ፣ ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበረው ዘዴ ለዓመታት እንደሚያገለግልና በፈለግሁ ጊዜ ሊወጣ እንደሚችል በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ ምርጫውን ግን ሙሉ በሙሉ ለእኔ ተወችው። ክኒን ለሚወስዱ እናቶችም የበርካታ ወራት በአንድ ጊዜ ትሰጥ ነበር።

ቅሬታዬ የካርድ ክፍሉን ይመለከታል። መመዝገቢያው ርቀት ለመጠበቅ ሲባል ወደ ግቢው ድንኳን በመዛወሩ፣ መዝጋቢው በጭምብሉ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለምን መጣሽ?» እያለ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ ይጠይቅ ነበር። አንዲት ወጣት መልስ ሳትሰጥ ተመልሳ ስትሄድ አይቻለሁ፤ ይህ እንደ ቀላል ጉድለት ሊታይ አይገባም። በተጨማሪም አንዳንድ ቀን በክንድ የሚቀበረው ያልቅና ተገልጋዮች በሌላ ቀን እንዲመለሱ ይነገራቸው ነበር፤ ታክሲ በግማሽ ተሳፋሪና በእጥፍ ዋጋ በሚጓዝበት በዚያ ጊዜ፣ መኖሩን አስቀድሞ በስልክ የሚጠይቁበት መንገድ ሊዘጋጅላቸው ይገባ ነበር።