ጓንዡ ለምትሄዱ፦ ልጄን የአባቱን ዘር ቤት ላሳየችው አስጎብኚ ምስጋና

ለንግድም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ወደ ቻይናዋ ጓንዡ የምትሄዱ፣ በተለይ ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለቤቴ ጓንዡ ያለችበት የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ሰው ነው፤ የቤተሰቡ ስም ቼን። ልጃችን ስምንት ዓመቱ ነው። በክረምቱ የአባቱን ዘመዶች ልንጠይቅ ሄድን፤ አባቱን ግን ሥራ አላስወጣው አለ። የአባቱን አገር ታሪክ ለልጁ የማሳየቱ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ፤ ቋንቋውን ከሰላምታ በላይ በማላውቀው በእኔ ላይ!

ቀደም ብዬ የቀጠርኳቸውን ሰዎች ስም አልጠራም። አንዱ የባለቤቴን ዘር ቤተ መቅደስ ከደጅ አሳይቶን በቀጥታ ወደ ሻይና ሐር መሸጫ ወሰደን። ሳንገዛ ስንወጣ ፊቱ ጠቆረ፤ ኮሚሽኑ ቀርቶበት ኖሯል። ሌላዋ ይባስ ብላ ልጄ እየሰማ “ሞግዚቱ ነሽ?” ብላ ጠየቀችኝ። ዘጠኝ ወር ተሸክሜ የወለድኩትን! ገንዘቡ አላንገበገበኝም፤ ያ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ይህችኛዋን የጠቆመችኝ እዚያው የምትነግድ ኢትዮጵያዊት እህታችን ናት፤ እግዚአብሔር ይስጣት። አስጎብኚዋ የወሰደችን የቼን ዘር ቤተ መቅደስ ወደሚባለው ግቢ ነው። ከ72 አውራጃዎች የተሰባሰቡ የቼን ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው ያሠሩትና በ1894 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠናቀቀ ነው። አባቶቻቸውን ያስቡበታል፤ ለመንግሥት ሹመት ፈተና ከገጠር የሚመጡ ልጆቻቸውም ያርፉበት ነበር።

እናቴ ስትሸኘን “ልጁን ጣዖት ቤት እንዳታስገቢው” ብላኝ ስለነበር በሩ ላይ አመነታሁ። አስጎብኚዋ አልሳቀችብኝም። ቦታው በዚያው አቆጣጠር በ1959 ሙዚየም እንደተደረገ፣ ማንም ስገዱ እንደማይለን በእርጋታ አስረዳችኝና “ከፈለግሽ ግቢውን ብቻ እናያለን” አለች። ገባን።

አንድ አዛውንት ልጄን ከላይ እስከ ታች አዩትና አንድ ነገር ተናገሩ። ቃሉ ባይገባኝም አስተያየታቸው ገባኝ። ልጄ እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። እርሷ አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ በአገሩ ቋንቋ በካንቶንኛ መለሰችላቸውና ወደ እኛ ዞረች፤ “እርሱ ቼን ነው። እዚህ ቤት እንግዳዋ እኔ ነኝ፤ እርሱ የቤቱ ልጅ ነው አልኳቸው።” ለካ ሽማግሌውም ቼን ናቸው! የአያቱን አገር ጠየቁት። “ታይሻን” ሲላቸው ፊታቸው በራ፤ እጁን ይዘው ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የሸክላ ምስሎች እየጠቆሙ ያሳዩት ጀመር። እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ልጄን ከእንግድነት አወጣችው።

የመካከለኛው አዳራሽ የጣሪያ ጌጥ ብቻ 27 ሜትር ይረዝማል፤ 224 የሰው ምስሎች አሉበት። ልጄ ካልቆጠርኩ ብሎ ሲያስቸግር በዚያ ሙቀት አብራው ቆማ ቆጠረች። ስለ እንጨቱ አገጣጠምም ብዙ ነገረችን፤ እኔ ምንም አልገባኝም፣ እርሱ ግን ማታ ለአባቱ በስልክ ሲተነትን ሰማሁት።

ልጄ በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ እናቴ አስጠንታዋለች። አስጎብኚዋ ይህን ስትሰማ ባለቤቴን ደውላ አገኘችውና የአባቶቹን ስም እየጠየቀች በደብተሩ ላይ በቻይንኛ ጻፈችለት፤ ከጎኑ በፊደላችን እርሱ ጻፈ። ይህ ከክፍያዋ ውስጥ አልነበረም።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ! ዋጋዋ ከሌሎቹ ከፍ ይላል፤ ይገባታል። እንግሊዝኛዋ ግልጽ ነው፤ ከነጋዴዎቻችን የተማረችው “አይዞህ” የሚል ቃልም አላት። ቦታው ሩቅ አይደለም፤ በምድር ባቡር መስመር 1 ላይ በራሱ ስም የተሰየመ ጣቢያ አለው። አስፈቅጃታለሁና ስልኳን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ልጅ ካላችሁ ግማሽ ቀን አይበቃችሁም፤ ሙሉ ቀን ያዙ። ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ በጠዋት ጀምሩ፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አያስቆምም።