ደብረ ብርሃን ላይ ያስጠረዝሁት የክሊኒክ ደብተር

የጥርስ ሕክምና የእጅ ሙያ በመሆኑ ጽሕፈት አይበዛበትም ብሎ የሚያስብ አዲስ ተማሪ ካለ፣ ክሊኒክ ሲጀምር ሐሳቡን ይለውጣል። የእያንዳንዱ ታካሚ የመጣበት ምክንያት፣ የቀደመ ሕመሙ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የምርመራው ውጤትና የሕክምናው ዕቅድ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ሙሉ የድድ ምርመራ ሲደረግ ደግሞ በድዱና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት ጥልቀት በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ 6 ቦታ ላይ ስለሚለካ፣ 32 ጥርስ ያለው አንድ ሰው ብቻውን 192 ልኬት ያስመዘግባል።

ለዚህ የሚሆነኝን፣ የጥርስ ቁጥሮች ሠንጠረዥ የታተመበት ደብተር ያስጠረዝሁት ለዕረፍት ወደ ቤተሰቦቼ በመጣሁበት ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነው። ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ የእስክሪብቶው ቀለም ወደ ጀርባው አያልፍም። ከሁሉ የወደድሁት የሽቦ ጥራዙን ነው፤ የክፍል ጓደኛዬ ልኬቱን እየጠራች እኔ ስመዘግብ፣ ገጹ ሳልይዘው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ይቆያል።

በመጀመሪያው ኅትመት ግን የታችኛው መንጋጋ ቁጥሮች ግራና ቀኝ ተቀያይረው፣ የታችኛው ቀኝ የመጨረሻ ጥርስ መለያ የሆነው 48 መሆን በሚገባው ቦታ የግራው አቻ መለያ 38 ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለ ስሕተት ጤነኛ ጥርስ ሊያስነቅል ስለሚችል ቀላል አይደለም። ባለቤቱ ስነግራቸው ሳይከራከሩ ገጾቹን በነፃ ደግመው አተሙልኝ። ሠንጠረዥ የምታሠሩ ተማሪዎች ከመጠረዙ በፊት አንድ ገጽ አሳትማችሁ ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ።