ናፓ ቫሊ እናትና አባቴን ላዝናናልኝ ሹፌር ትልቅ ምስጋና፣ ለምትሄዱም ጥቆማ

ሰላም የቤይ ኤሪያ ሀበሾች፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ይሄን ሳልጽፍ ብቀር ህሊናዬ አያርፍም። እናትና አባቴ ከአዲስ አበባ ኦክላንድ እኔ ጋ ከመጡ ሁለት ወር ሆናቸው፣ እኔ ስራ ባለቤቴ ስራ፣ እነሱ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪመጡ በመስኮት መኪና ሲቆጥሩ ነው የከረሙት፣ እና በእንቁጣጣሽ ሳምንት አርብን ፈቃድ ወስጄ አርብና ቅዳሜ ናፓ፣ የካሊፎርኒያው የወይን ሸለቆ፣ ልወስዳቸው ቆረጥኩ። አባዬ በዓል ሲሆን ከምሳ ጋር ጉደር የማይቀርበት ሰው ነው፣ እማዬ ደሞ ካገኘች አክሱማይት ጣፋጩን ነው የምትወደው።

ግን ፈርቼ ነበር። አምና ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ድርጅት ቫን ሄደን በአንድ ቀን አምስት ዋይነሪ (ወይን የሚጠመቅበትና የሚቀመስበት ቤት) አሯሩጠውን ምሳ እንኳን በወጉ ሳንበላ፣ አንዷ ጓደኛችን ታማ ነው የተመለስነው። በዛ አይነት ሩጫ ሰባ ያለፋቸውን ሰዎች እንዴት አድርጌ ልውሰድ ስል አንዲት የቤተክርስቲያን እህት የዚህን ሹፌር ልጅ ስልክ ሰጠችኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣት።

ስደውልለት መጀመሪያ ዋጋ አይደለም ያወራው። እማማ ጉልበታቸው እንዴት ነው፣ ደረጃ ይወጣሉ? መድኃኒት ይወስዳሉ? አርብ ነው፣ ይጾማሉ አይደል፣ ስንት ሰዓት ድረስ ነው የሚቆዩት? መድኃኒት ስላለባት ሰዓት አትቆይም፣ የጾም ምግብ ግን ነው አልኩት። እሺ እህቴ፣ በቀን ሁለት ዋይነሪ ይበቃናል፣ ጠዋት አንድ ከሰዓት አንድ፣ መሀል ላይ ተቀምጠን እንበላለን አለኝ። ሪዘርቬሽኑን ሁሉ ራሱ ያዘልን። ጋቢም ባርኔጣም ያዙ አለን፣ እውነትም ጠዋት ከባህሩ በኩል የሚገባው ጭጋግ የሸለቆውን ደቡብ በብርድ ይዞት ነበር፣ ወደ ሰሜን ወደ ካሊስቶጋ ስንወጣ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። 29 ቁጥር መንገድ ይጨናነቃል ብሎ በሲልቨራዶ ትሬይል ነው የወሰደን፣ ግራ ቀኙ ወይን በወይን፣ እማዬ በቃ ዝም ብላ እያየች ነበር።

አንዱ እርሻ ጋ አቁሞ ሰራተኛውን አስፈቅዶ አንድ ዘለላ ካበርኔ የሚባለውን ለቀይ ወይን የሚሆን ወይን አመጣላቸው። ፍሬው ከሽምብራ ብዙም አይበልጥም፣ ቆዳው ወፍራም፣ ውስጡ ዘር በዘር የሆነ፣ ግን ስኳር ነው። እማዬ በጥፍሯ ላጥ አደረገችውና ጭማቂው ውሃ መስሎ ሲወርድ "ውሀ እኮ ነው፣ ቀዩ ታዲያ ከየት ይመጣል?" አለች። ቀለሙ ያለው ቆዳው ላይ ነው እማማ፣ ሲፈላ ከነቆዳው ነው የሚተውት፣ ከዛ ነው የሚጨመቀው ሲላት "እንደ ጌሾው በለኛ፣ ጠጁ ውስጥ ከርሞ እንደሚጠለለው" አለች። እንዴት እንደገባት! አባዬ ልጅ ሆኖ ዲያቆን ነበር፣ ለቁርባን ዘቢቡን እንዴት እንደሚያዘጋጁት ማውራት ጀመረ፣ እኔ ልጁ ከሱ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር እዛ ወይን መሀል ቆሜ ሰማሁ።

ከዛ ካስቴሎ ዲ አሞሮሳ ሄድን፣ ካሊስቶጋ አጠገብ ያለው ዋይነሪ የሆነ ግንብ፣ በጣልያን የድሮ ግንቦች አምሳል ተሰርቶ በፈረንጅ 2007 የተከፈተ፣ 107 ክፍል አለው። እማዬ ጎንደር ነው ያደገችው፣ ገና ከመኪና ስትወርድ "ፋሲልን አስታወሰኝ" ብላ እንባዋ መጣ። ምድር ቤቱ ድረስ የሚያስወርደው ደረጃ ብዙ ነው፣ ይሄ ልጅ እናንተ ከአባባ ጋር ውረዱ ብሎን ራሱ እሷ ጋ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ የወይን ጭማቂ አስመጥቶላት ስንመለስ የጎንደር ጥምቀትን እያወራችለት ደረስን። ይሄ ስራው አልነበረም። ሊከፈለው የተስማማነው ለመንዳት ነው።

ከሰዓት ሁለተኛውን ዋይነሪ ትተን ካሊስቶጋ ፍልውሃ ገባን፣ እማዬ ጉልበቷን ነክራ ከሶደሬ አይተናነስም አለች። ማታ ራት ስንገባ ደሞ ሬስቶራንቱ ቀድሞ ተደውሎለት ኖሮ፣ ቅቤ የለ ወተት የለ እንቁላል የለ፣ እንጉዳዩም ባቄላውም ቲማቲሙም በዘይት ተሰርቶ ጠበቃት። ሰው አገር ጾሟን ሳትጨነቅ ስትበላ ማየት ለኔ ከወይኑም በላይ ነው።

ቅዳሜ ራዘርፎርድ ያለው ገርጊች ሂልስ ዋይነሪ ወሰደን፣ በመንገድ ላይ የመስራቹን ታሪክ ለአባዬ ነገረው። ማይክ ገርጊች ከክሮኤሽያ ተሰዶ በፈረንጅ 1958 ሻንጣውን ይዞ ናፓ የገባ ሰው ነው፣ ሻቶ ሞንተሌና የሚባል ዋይነሪ ተቀጥሮ የሰራው የ1973 ሻርዶኔ፣ ነጭ ወይን ነው፣ በ1976 ፓሪስ በተደረገው ውድድር ፈረንሳዮች ራሳቸው ዳኛ ሆነው ከቀረበው የፈረንሳይ ነጭ ወይን ሁሉ አንደኛ አወጡት፣ በዓመቱ የራሱን ዋይነሪ ከፈተ፣ 100 ዓመት ኖሮ በ2023 ነው ያረፈው። ያቺ ሻንጣ ዛሬ ዋሽንግተን ስሚትሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ናት። አባዬ ይሄን ሰምቶ ብዙ ዝም አለና "አንቺም በአንድ ሻንጣ ነው የመጣሽው" አለኝ። ሻርዶኔውን አንድ ጠርሙስ ገዛ፣ ሹፌራችን ወዲያው ተቀብሎ ከኋላ ያዘጋጀው በረዶ ያለው ኩለር ውስጥ ከተተው፣ መኪና ውስጥ ያለ ሙቀት ወይን ያበላሻልና። ምሳ ቪ ሳቱይ የሚባል ዋይነሪ ዛፍ ስር ዳቦና ቺዝ በላን፣ ማታ ያውንትቪል ከተማ ሬስቶራንት ኮርኬጅ (የራስን ጠርሙስ ለማስከፈት የሚከፈል) ከፍለን የአባዬን ጠርሙስ ከራት ጋር ከፈትነው። እማዬም ቀመሰች።

ለምትሄዱ፣ ቴስቲንግ (የወይን ቅምሻው) በሰው 50፣ 60 ዶላርና ከዛም በላይ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ጠርሙስ ከገዛችሁ የቅምሻውን ሂሳብ ያነሱላችኋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ። ያለ ሪዘርቬሽን አትሂዱ፣ በተለይ መስከረም የወይን ለቀማ ሰዓት ስለሆነ ሰው ይበዛል። ራሳችሁ ቀምሳችሁ ራሳችሁ መንዳት ደሞ በጭራሽ አታስቡት። ሹፌሩ የሚያስከፍለው በሰዓት ነው፣ ከተነጋገርነው አንድ ሳንቲም አልጨመረም፣ ቲፑን እንኳን በግድ ነው ያስያዝነው።

አንተ ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብክ፣ እናቴ እስካሁን "ያ ልጅ ደህና ነው?" እያለች ትጠይቀኛለች፣ ቅዳሜ ማታ በር ላይ አገላብጣ ስማህ የመረቀችህ ምርቃት ይድረስህ። አንተን ላሳደገች እናት ምስጋናዬን አድርስልኝ።

ስሙንና ቁጥሩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ጠይቄው እሰጣችኋለሁ። ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ነው የሚያዝበት፣ እናትና አባት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ አርብን ሞክሩ፣ የጾም ምግቡን እንዲያዝላችሁ ደሞ ሶስት አራት ቀን ቀደም ብላችሁ ንገሩት።