የብድር መዝገባችሁ ከተበላሸ፦ ድሬዳዋ ላይ የቱ የብድር መንገድ ይሻላል?

ከዚራ ሰፈር ያለው ባንክ እንቢ ያለው ሰው ሳቢያን ሰፈር ሄዶ ሌላውን ይሞክራል። እዚያም ሲከለከል «ሐረር ዘመድ አለኝ» ይላል። ትርፉ ድካም ነው። ባንኮች ከማበደራቸው በፊት የብሔራዊ ባንክን የብድር መረጃ ማዕከል ያያሉ፤ የሚፈልጓችሁም በቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥራችሁ ነው። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር የተበላሸ ተብሎ ይያዛል። ቲኑ ደግሞ ሐረርም ድሬም ያው ነው።

60,000 ብር ቸገረን እንበልና አማራጮቹን እናወዳድር።

መጀመሪያ ግን ያረጀው ዕዳ ስንት ቀረው? ትንሽ ከሆነ ከአዲስ ብድር በፊት እሱን መዝጋት ያዋጣል። ዘግታችሁ የመጨረሻ ክፍያ ማረጋገጫ ደብዳቤ ውሰዱ፤ መረጃውም መታደሱን ባንኩን ጠይቁ። መክፈል ካቃታችሁ ጊዜው እንዲራዘም በጽሑፍ ማመልከት ከመጥፋት ይሻላል። መሥሪያ ቤታችሁ ከባንክ ጋር የደመወዝ ብድር ውል ካለው፣ በሩ ቶሎ የሚከፈተው መዝገባችሁ እንዲህ ሲጸዳ ነው።

ባንክ የከለከለው ሰው ቀጥሎ የሚሮጠው ወደ አራጣ ነው። ማንም መዝገብ አያይም፣ ገንዘቡ በዕለቱ ይሰጣል። በወር 10 በመቶ ቢሆን 60,000 ብር በየወሩ 6,000 ይበላል። በዓመት 72,000 ከፍላችሁ ዋናው እንዳለ ይቀመጣል። አራጣ ማበደር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ያስቀጣል፤ አበዳሪው ግን ወለዱን ከዋናው ደምሮ ውሉ ላይ ስለሚጽፈው ወረቀቱ ንጹሕ ይመስላል። ከዚያ ላይ ቼክ ያስፈርማል። ቼኩ ሲደርቅ፣ ማለትም ሒሳባችሁ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሲጠፋ፣ ተከሳሹ እናንተ ናችሁ፤ ደረቅ ቼክም ወንጀል ነዋ! ይህን አማራጭ ከውድድሩ አስወጥቼዋለሁ።

የስልክ ብድር፣ እንደ ቴሌብር መላ ያለው፣ በአብዛኛው የሚመዝናችሁ በስልክና በገንዘብ እንቅስቃሴያችሁ ነው። ለአስቤዛ ይሆናል፤ ለ60,000 ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ክፍያው ትንሽ ቢመስልም የጊዜውን ማጠር አስቡ። ለምሳሌ 3,000 ወስዳችሁ በወሩ 3,180 ብትመልሱ በዓመት ሲሰላ 72 በመቶ ነው። ገንዘቡም የባንክ ስለሆነ በሱ መቀለድ አይቻልም።

ማይክሮፋይናንስ ላይ፣ ለምሳሌ ድሬ ማይክሮፋይናንስ ስትሄዱ፣ ንብረት ባይኖራችሁ ስለ ቡድን ዋስትና ወይም ስለ ደመወዝተኛ ዋስ ጠይቁ። ዋስ የሚሆናችሁ ሰው ሳትከፍሉ ብትቀሩ ደመወዙ እንደሚቆረጥ አስቀድሞ ይወቅ። ከሁሉ በላይ ግን ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው ብር ላይ? 60,000 ብርን በ15 በመቶ ወለድ ወስዳችሁ በየወሩ እየከፈላችሁ በአንድ ዓመት ብትጨርሱ፣ በቀሪ ዕዳ ሲሰላ ወለዱ 4,875 ብር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ብር ላይ ሲሰላ 9,000 ይሆናል። መቶኛው አንድ፣ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ወለድ የማትነኩ ከሆነ ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ባንኮች ሙራባሃ አላቸው። ዕቃውን ባንኩ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ ይሸጥላችኋል። ጥሬ ብር አይሰጥም፤ መዝገባችሁንም ማየቱ አይቀርም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ እውነተኛው ፉክክር ያለው በዕቁብና በቁጠባና ብድር ማኅበር መካከል ነው።

ዕቁብ፦ 20 ሰው በሳምንት 3,000 ብር ቢጥል ዕጣው 60,000 ነው። ወለድ የለውም። ችግሩ ዕጣው መቼ እንደሚወጣላችሁ አለማወቃችሁ ነው። በ20ኛው ሳምንት ከደረሳችሁ፣ ብድር ሳይሆን የራሳችሁን ቁጠባ ነው የወሰዳችሁት። የቸኮለ ሰው የደረሰውን አባል ለምኖ፣ ለምሳሌ 4,000 ብር ከፍሎ፣ ዕጣ ይገዛል። ያኔ ዕቁብም ዋጋ አለው። ዕጣ ስትወስዱ ዳኛው ዋስ ይላል። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ዕዳ አዘግይታችሁ ከሆነ ወሬው ቀድሟችኋል፤ የገበያ መዝገብ ከብሔራዊ ባንኩ ይብሳል። በወር ከ12,000 ብር በላይ መጣልም ለደመወዝተኛ ከባድ ነው። የዕለት ገቢ ላለው ነጋዴና ባጃጅ ነጂ ግን ይስማማል።

ማኅበሩ፦ ብዙዎቹ የቁጠባችሁን ሦስት እጥፍ ያህል ያበድራሉ። 20,000 ቆጥባችሁ 60,000 ትወስዳላችሁ። የእናንተው 20,000 ዕዳው እስኪያልቅ ታስሮ ስለሚቆይ፣ በእጃችሁ የጨመረው 40,000 ነው። ክፍያው ግን ቀስ ያለ ነው፤ ከላይ ባለው የቀሪ ዕዳ ስሌት የመጀመሪያው ወር 5,750 ብር፣ ከዚያ እያነሰ ይሄዳል። በየወሩ ደመወዝ ለሚያገኝ መምህር፣ ነርስ ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ይህን እመርጣለሁ። የሚያስጠላው ጥበቃው ነው፤ ዛሬ ተመዝግቦ ነገ ብድር የለም። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ወር መቆጠብ ግድ ነው? አሁን ብድር የሚጠብቁ አባላትስ ስንት ናቸው? ወረፋው ረጅም ከሆነ በመሥሪያ ቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ሌላ ማኅበር ፈልጉ።